“አርጅቷል” ከመባሉ በፊት፦ የኮምፒውተርን ራም በገዛ እጅ ስለ መጨመር

በኮምፒውተር ክፍላችን ውስጥ 14 ኮምፒውተሮች እንዳሉ የታወቀ ነው። አሉ እንበል እንጂ በጥቅምት ወር መጀመሪያ ላይ የሚበሩት 9 ብቻ ነበሩ። አምስቱ ጭራሽ አይነሡም። ዘጠኙም ቢሆኑ “ይሠራሉ” የሚባሉት ለወጉ ያህል ነው። የትምህርት ዕቅድ ለመጻፍ የተቀመጠ ሠልጣኝ ማብሪያውን ተጭኖ፣ ወጣ ብሎ ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ፣ ያች ክብ ምልክት ገና ስትሽከረከር ያገኛታል። አንዱ ማውሱን ይይዛል፣ አራቱ ከትከሻው በላይ አንገታቸውን አስግገው “እስቲ እኔም ልንካው” ይላሉ፣ በዚህ መካከል ክፍለ ጊዜው ያልቃል። በዚህ ላይ ሌላ ወሬ መጣ። ኮምፒውተሮቹ “አርጅተዋል” ተብለው ከሚወገዱ ንብረቶች ዝርዝር ሊገቡ ነው ተባለ።

ነገሩ ከነከነን። ነገ ተመርቀን የምንመደብበት ትምህርት ቤት ምናልባት ሦስት ኮምፒውተር ይኖረው ይሆናል፤ ጠጋኝ ግን አይኖረውም። እዚህ ያልነካነውን እዚያ ማን ያስነካናል? እዚህ “አርጅቷል” ብለን የሸኘነውን እዚያም “አርጅቷል” ብለን ጨርቅ ማልበሳችን አይቀርም። ስለዚህ የዝግጅት ክፍላችን አባላት ከክፍሉ ኀላፊ መምህር ጋር ተመካክረን፣ ንብረት ክፍልንም አስፈቅደን ሣጥኖቹን ከፈትን። ያየነውንና የተሳሳትነውን እነሆ ለጥፈናል።

ሰሌዳና ደብተር

በቅድሚያ አንድ የቃል መደነጋገር እናጥራ። “ሚሞሪ” ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣለት ስልክ ውስጥ የምትገባው ጥፍር የምታህል ካርድ ናት። “ሚሞሪዬ ሞላ” የሚባለውም ዘፈንና ፎቶ ቦታ ሲያጣ ነው። የዛሬው ሚሞሪ እርሱ አይደለም፤ ጠጋኞች “ራም” የሚሉት ነው። በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ውስጥ ከማስመሪያ ያጠረ፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር፣ በአንድ ጎኑ ወርቅማ እግሮች የተደረደሩበት ቀጭን ሰሌዳ ሆኖ ይታያል።

ለመምህር ልዩነቱን ማስረዳት አይከብድም። ሃርድ ዲስክ ደብተር ነው። ደብተር ላይ የተጻፈ ነገር መብራት ቢጠፋ፣ ክረምት ቢያልፍ እንዳለ ይቆያል። ራም ግን ጥቁር ሰሌዳ ነው፣ የዕለቱ ትምህርት የሚሠራበት። ፕሮሰሰሩ ደግሞ ጠመኔ የያዘው አስተማሪ ነው፤ ደብተሩ ላይ እንዳለ ስሌት መሥራት አይችልም፣ ግድ ወደ ሰሌዳው ገልብጦ ነው የሚሠራው። ታዲያ ሰሌዳው ጠባብ ቢሆንስ? ጥግ ላይ ያለውን ወደ ደብተር ገልብጦ ያጠፋል፣ በቦታው አዲሱን ይጽፋል። ብዙ ሳይቆይ ያጠፋው ነገር ያስፈልገዋል፣ እንደገና ከደብተር ይገለብጣል፣ ሌላውን ያጠፋል። “ኮምፒውተሩ እያሰበ ነው” የምንለው፣ ሣጥኑ ውስጥ ክርርር የሚለው ድምፅ፣ ብዙውን ጊዜ ይኸው መገልበጥና ማጥፋት ነው። አስተማሪው ሰነፍ አይደለም፤ ሰሌዳው ነው የጠበበው።

ምሳሌያችን አንድ ቦታ ላይ ያነክሳል። የጠመኔ ጽሑፍ ካልጠፋ ይቆያል፣ የራም ጽሑፍ ግን በራሱ ጊዜ ይደበዝዛል። በየዴስክቶፑ ያለው ራም “ዲራም” የሚባለው ሲሆን፣ አንድ ትራንዚስተርና አንድ ማጠራቀሚያ ብቻ ያላትን የዲራም ክፍል የፈለሰፈው የአይቢኤም መሐንዲስ የነበረው ሮበርት ዴናርድ ነው። ሐሳቡ የመጣለት በ1966 እ.ኤ.አ. ሲሆን የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1968 ነበር። እያንዳንዷ ቢት በዚያች ደቃቅ የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትቀመጣለች። ማጠራቀሚያዋ ከሞላች “1”፣ ባዶ ከሆነች “0” ማለት ነው። ክፋቱ ማጠራቀሚያዋ እንደ ተሰነጠቀ ማሰሮ ታንጠባጥባለች። ስለዚህ እያንዳንዷ ቢት ሳትደበዝዝ በየ64 ሚሊ ሴኮንዱ፣ ማለትም በሴኮንድ ከ15 ጊዜ በላይ ትነበባለች፣ እንደገናም ትሞላለች። አስተማሪው ሌላውን ሲሠራ አንድ ተማሪ ያለ ዕረፍት ፊደሎቹን በጠመኔ እየደገመ ያደምቃል እንደ ማለት ነው። መብራት ጠፋ ሲባል ያ ተማሪ ጠመኔውን ይጥላል፤ “ሴቭ” ያልተደረገ የትምህርት ዕቅዳችንም በቅጽበት ደህና ሰንብት ይላል።

ብዛቱንም ለማየት ያህል፣ ኢንቴል በ1970 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው 1103 የተባለ ቺፕ የሚይዘው 1,024 ቢት ብቻ ነበር። እኛ አቧራዋን አራግፈን የነቀልናት ባለ 2 ጊጋባይት ራም ከ17 ቢሊዮን ቢት በላይ ትይዛለች። እርሷም “አነሰች” ትባላለች እንግዲህ።

በሽታው ራም መሆኑን ማወቅ

ሳይመረምሩ መድኃኒት መግዛት አያዋጣም። ዊንዶውስ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና ኢስኬፕን በአንድ ላይ ሲጫኑ “ታስክ ማናጀር” ይከፈታል። እዚያ ውስጥ “ፐርፎርማንስ” የሚለውን፣ ከዚያ “ሜሞሪ” የሚለውን መንካት ነው። ምን ያህል ራም እንዳለ፣ ስንት ከመቶው እንደ ተያዘ፣ በዊንዶውስ 10 ላይ ደግሞ ስንት መሰኪያ ስሎት እንዳለና ስንቱ ባዶ እንደ ሆነ ጭምር ያሳያል። ይህን ሁሉ ለማየት ካቻቪቴ አያስፈልግም።

እኛ አንድ የጽሑፍ ፋይልና ሦስት የኢንተርኔት ገጾች ከፍተን አየን። በ2 ጊጋባይቶቹ ላይ ቁጥሩ ከ90 ከመቶ በላይ ወጥቶ አልወርድም አለ። ይህ የጠበበ ሰሌዳ ምልክት ነው። በአንጻሩ ራሙ ግማሽ ያህል ብቻ ተይዞ እያለ “ዲስክ” የሚለው 100 ከመቶ ላይ ከተተከለ፣ በሽታው ደብተሩ ጋ ነው፤ ያን ጊዜ ገንዘቡ መዋል ያለበት በኤስኤስዲ ላይ ነው። ሁለቱ አብረው ከሞሉስ? መጀመሪያ ራሙን ነው የምንጠረጥረው፤ ዲስኩ የሚባዝነው በመገልበጥ ብዛት ሊሆን ይችላልና። በእኛ አስተያየት 2 ወይም 4 ጊጋባይት ላለው ኮምፒውተር ራም ይቅደም፤ 8 ላለው ግን ኤስኤስዲ የተሻለ ለውጥ ያመጣል። “ራም ጨምሩበት” የሚለው ምክር ለሁሉም የሚታዘዝ እንክብል አይደለም።

ሁሉም ራም ለሁሉም አይሆንም

እጅግ የምናሳስበው በዚህ ላይ ነው። ማስገባቱ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ የሚያሳስተው ግዢው ነው። ዲዲአር2፣ ዲዲአር3፣ ዲዲአር4፣ ዲዲአር5 የሚባሉ ትውልዶች አሉ፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ዲዲአር2ም ዲዲአር3ም በዴስክቶፕ መጠናቸው 240 እግር አላቸው፤ ዲዲአር4ና ዲዲአር5 ደግሞ 288። እግራቸው እኩል ስለ ሆነ ግን አንድ ናቸው ማለት አይደለም። ከእግሮቹ መካከል የተበጀች ትንሽ ቁርጥ ቦታ አለች። በመሰኪያው ውስጥ ደግሞ ትንሽ ጉብታ አለች፣ የሁለቱ ቦታ ካልገጠመ ራሙ አይቀመጥም። ይህች ጉብታ የተሠራችው ሰውን ለማስቸገር አይደለም፤ ቮልቴጁም ይለያያልና ነው። ዲዲአር2 በ1.8፣ ዲዲአር3 በ1.5፣ ዲዲአር4 በ1.2፣ ዲዲአር5 በ1.1 ቮልት ነው የሚሠሩት። አልገባ ያለን ራም በቡጢ ለማስገባት የሚሞክር ሰው ማዘርቦርዱን ይሰብራል እንጂ አያሸንፍም።

የትኛው ትውልድ እንደሚያስፈልግ በቀላሉ የሚታወቀው የነበረውን ነቅሎ በማየት ነው። ፕሮሰሰሩም ፍንጭ ይሰጣል። ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ትውልድ ያሉት፣ ከ2011 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. የወጡት የኢንቴል ኮር ዴስክቶፖች የሚፈልጉት ዲዲአር3 ነው። ከስድስተኛው ትውልድ፣ ማለትም ከ2015 ጀምሮ በብዛት ዲዲአር4 ገባ። በ2021 የመጣው 12ኛው ትውልድ እንደ ማዘርቦርዱ ዲዲአር4 ወይም ዲዲአር5 ይቀበላል። የእኛዎቹ ሁለተኛ ትውልድ ናቸው።

ራሙ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት ማንበብም አንድ ትምህርት ነው። “ፒሲ3-12800ዩ” የሚል ካለ፣ “3” ማለት ዲዲአር3 ነው። 12800 ደግሞ በሴኮንድ የሚያስተላልፈው ሜጋባይት ነው፤ በሴኮንድ 1,600 ሚሊዮን ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 8 ባይት፣ ሲባዛ 12,800 ይመጣል። (ለሒሳብ ዕጩ መምህራን መልካም የክፍል ጥያቄ ይወጣዋል።) ፍጥነታቸው የተለያየ ራሞች አንድ ላይ ቢሰኩ ዘወትር በዘገየው ፍጥነት ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ፈጣኑን በውድ መግዛት ዋጋ የለውም።

ከሁሉ በላይ መጨረሻ ላይ ያለችውን ፊደል እዩ። “ዩ” ማለት የተራ ዴስክቶፕ ነው። “አር” ከሆነ ግን የሰርቨር ራም ነው። ከትልልቅ ድርጅቶች ሰርቨር ተነቅሎ በርካሽ ይሸጣል፤ በዲዲአር3 እግሩም ቁርጡም ከዴስክቶፑ ጋር አንድ ስለ ሆነ ቀጥ ብሎ ይገባል። ገብቶም ተራው ኮምፒውተር አይነሣም። “ለኤኤምዲ ብቻ” እየተባለ የሚሸጥ ርካሽ ዲዲአር3ም አለ፣ በኢንቴል ላይ እምቢ ይላል። ኮር ቱ ዱኦ የሚባሉት የድሮዎቹ ደግሞ ሌላ አመል አላቸው። ብዙዎቹ ባለ 4 ጊጋባይት ራም የሚቀበሉት ጥቁር ቺፖቹ 16 ከሆኑ ነው፤ 8 ቺፕ ብቻ ያለበትን አያውቁትም። የላፕቶፕ ራም አጭር ስለ ሆነ እርሱ እንኳ በዓይን ይለያል።

ሣጥኑን ስንከፍት

ኮምፒውተሩን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ገመዱን ከሶኬት መንቀል ግድ ነው። ከነቀሉ በኋላ ማብሪያውን ለጥቂት ሴኮንድ ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል፤ የቀረችው ኤሌክትሪክ ትፈስሳለች። ከዚያ የጎን ክዳኑን የያዙትን ብሎኖች በካቻቪቴ ፈትቶ፣ ሣጥኑን በጎኑ አጋድሞ መክፈት ነው። የእኛን ስንከፍት የወጣው አቧራ አንዲት ባልደረባችንን ሲያስነጥሳት ዋለ። የጠመኔ ብናኝ ለካ እዚያም ይገባል!

እዚህ ላይ ቀልድ የሌለበት ማስጠንቀቂያ አለን። የኤሌክትሪክ ገመዱ የሚገባበት፣ ማራገቢያ ያለበት የብረት ሣጥን ፓወር ሰፕላይ ይባላል። እርሱ አይከፈትም። ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ቢሆን በውስጡ ያሉት ማጠራቀሚያዎች ሰው የሚጎዳ ኤሌክትሪክ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። አምስቱ የማይነሡት ኮምፒውተሮቻችን የተበላሸባቸው ይኸው ክፍል ይመስለናል፤ እኛ ግን አልነካነውም፣ ማንም ሠልጣኝ እንዳይነካው።

ሌላው ሰውነታችን ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ነው። በበጋ የናይሎን ሹራብ ስናወልቅ ጠሽ ጠሽ የሚለው ማለት ነው። ሰው ብልጭታው የሚሰማው 3,000 ቮልት ገደማ ሲደርስ ነው፤ ቺፕ ግን ከዚያ እጅግ ባነሰው፣ እኛ ምንም ሳይሰማን ሊቃጠል ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሹራቡን አውልቆ፣ ራሙን ከመንካት በፊት ቀለም ያልተቀባውን የሣጥኑን ብረት መንካት፣ በሥራው መካከልም ደጋግሞ መንካት ነው። ራሙ የሚያዝ በጠርዙ ነው፤ ወርቅማ እግሮቹን ጣት አይንካቸው።

ራሙ የሚገኘው ፕሮሰሰሩን ከሸፈነው ትልቅ ማራገቢያ አጠገብ ነው። በመሰኪያው ሁለት ጫፎች ያሉትን ጆሮዎች ወደ ውጭ ገፋ ሲያደርጓቸው የነበረው ራም ብድግ ይላል። አዲሱን ለማስገባት ቁርጧን ከጉብታዋ ጋር አስተካክሎ፣ በሁለት አውራ ጣት ሁለቱንም ጫፍ እኩል ወደ ታች መጫን ነው። ጆሮዎቹ በራሳቸው ቀጭ ብለው ይዘጋሉ። መጀመሪያ ጊዜ ስንጫን “ሊሰበር ነው” ብለን ፈርተን እጃችን ላላ፤ ራሙ ግማሽ ገብቶ ቀረ። ኮምፒውተሩን ስናበራ ስክሪኑ ጨለማ፣ ሣጥኑ ጲጵ ጲጵ ማለት ጀመረ። “አለቀልን፣ ንብረት አጠፋን!” ያላለ አልነበረም። ገመዱን ነቅለን፣ አውጥተን፣ ጠንከር አድርገን መልሰን ስንጫነው ቀጭ አለ፣ በደህና ተነሣ። ጲጵታው ስንት ጊዜ እንደሆነ በየፋብሪካው ይለያያል፤ ራም ከነካን በኋላ የመጣ ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው በደንብ አለመግባቱ ነው።

እግሮቹ የዘመን ቆሻሻ ይዘው ከሆነ ጠጋኞች በላጲስ ጠረግ ያደርጓቸዋል። እኛም አድርገናል፤ ሠርቷልም። ነገር ግን ለስላሳውን ነጭ ላጲስ ቀስ አድርጎ ነው፤ ወርቁ ሥሥ ቅብ ስለ ሆነ እንደ ፈተና ወረቀት የሚፈገፍግ ሰው ይልጠዋል። የላጲሱም ፍርፋሪ ተራግፎ መውደቅ አለበት።

መሰኪያው አራት ከሆነና ሁለት ቀለም ካለው፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት እኩል ራሞችን በአንድ ዓይነት ቀለም ላይ መሰካት ነው። ፕሮሰሰሩ በሁለት መንገድ በአንድ ጊዜ ያነባልና ከአንድ ባለ 8 ይልቅ ሁለት ባለ 4 የተሻለ ይሠራል።

ሻጩን ሌባ ያልንበት ቀን

ከአምስቱ ከማይነሡት አምስት ባለ 2 ጊጋባይት ራሞች ነቀልን። አዲስ ነገር ሳይገዛ ከሞቱት ለሕያዋን ማካፈል ማለት ነው። አንዱ ሳንካ ነበረበት፤ ኮምፒውተሩ ይነሣና በየአሥር ደቂቃው በሰማያዊ ስክሪን ይወድቃል። “ሜምቴስት86+” የተባለ ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ጭነን ሌሊቱን አሳደርነው። ደግነቱ መብራት አልጠፋም፤ ጠዋት ስንመጣ ስክሪኑ በቀይ መስመር ተሞልቷል። በቀሩት አራት ራሞች አራት ኮምፒውተሮች ወደ 4 ጊጋባይት አደጉ።

ከዚያ አዋጥተን ሁለት ባለ 4 ጊጋባይት ራም ገዛንና አንዱን ኮምፒውተር 8 አደረግነው። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ስናበራው ግን ዊንዶውስ “8.00 ጊጋባይት” ብሎ ከአጠገቡ “3.41 የሚያገለግል” ብሎ ጻፈ። ከግማሽ በላይ የት ገባ? “አታሎናል! የተበላሸ ሸጦልናል!” ብለን በንዴት ተነሥተን፣ ሦስት ሆነን ሱቁ ደጃፍ ላይ ድምፃችንን ከፍ አደረግን። ሰውየው አልተቆጣም። ራሞቹን ተቀብሎ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሰካቸው። 8 ጊጋባይት ሙሉ። “የእናንተ ዊንዶውስ ስንት ቢት ነው?” ብሎ ጠየቀን። መልስ አልነበረንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ራም ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ባይት የሚያገኘው በቁጥር ነው፣ ልክ እንደ ፖስታ ሣጥን ቁጥር። የፖስታ ቤቱ መዝገብ ለቁጥር አራት አኀዝ ብቻ የሚፈቅድ ቢሆን ከ9,999 በላይ ሣጥን ቢሠራ ምን ይጠቅማል? ደብዳቤ የሚደርሰው የለም። ባለ 32 ቢት ሥርዓት ደግሞ 32 የ“0” እና የ“1” አኀዞች ነው ያሉት፤ 2 ለ32 ጊዜ ሲባዛ 4,294,967,296 ይመጣል፣ ይኸውም 4 ጊጋባይት ነው። ከዚያም ላይ የተወሰነው ቁጥር ለስክሪን ካርድና ለሌሎች ክፍሎች ተይዟልና ለእኛ የቀረው 3.41 ሆነ። ኮምፒውተሮቻችን ከፋብሪካ ሲመጡ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ 7 ነበራቸው። በኋላ ወደ ዊንዶውስ 10 በማሻሻያ ሲዛወሩ ያው 32 ቢት አብሮ ተዛወረ። ፕሮሰሰሩ 64 ቢት ማስተናገድ እየቻለ አልታዘዘም እንጂ!

ለዊንዶውስ 10 የሚደረገው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ቆሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ለሁለተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር አይፈቅድም፤ ራም ብንጨምርም ያንን በር አይከፍተውም። ስለዚህ በዚያ ኮምፒውተር ላይ ባለ 64 ቢቱን ሊኑክስ ሚንት ጫንን፣ ነፃ ነው። 8ቱም ጊጋባይት ታየ። የትምህርት ዕቅድ ለመጻፍ ሻይ ጠጥቶ መመለስም ቀረ፤ ብርጭቆው ሳይቀዳ ይነሣል። ሻጩን ይቅርታ ለመጠየቅ ሦስታችንም ሄድን። “ምንም አይደለም ልጆቼ፣ ሁሉም እንዲሁ ነው የሚለው” አለን፤ ይህ የበለጠ አሳፈረን።

ስለ ንብረት

መጀመሪያ ስንጠይቅ ንብረት ክፍል “ሣጥኑን ከከፈታችሁ ትጠየቃላችሁ” ብሎን ነበር። ቅር አልተሰኘንም ብንል ዋሸን። ነገር ግን ስናስበው ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። ራም በሸሚዝ ኪስ ይገባል። ኮምፒውተሩ ከውጭ ሲታይ እንዳለ ነው፣ ውስጡ ግን ሊራቆት ይችላል። ስለዚህ ከመክፈታችን በፊት የእያንዳንዱን ኮምፒውተር መለያ ቁጥር፣ በውስጡ የነበረውን ራም መጠንና በወረቀቷ ላይ ያለውን ቁጥር በመዝገብ ጻፍን። ከየትኛው ነቅለን ወደ የትኛው እንዳገባን ጻፍን፤ መምህራችንና የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ፈረሙበት። አዋጥተን የገዛናቸው ሁለቱም በሞዴል 19 ገቢ ሆነዋል። ሳንካ ያለባት አምስተኛዋ በፖስታ ታሽጋ ተመልሳለች። ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት ርእሰ መምህሩ “ማን ፈቀደልህ?” ቢል፣ መልሱ ይህ ወረቀት ነው። የዋስትና ጊዜው ያላለፈ አዲስ ኮምፒውተር ከሆነ ግን ማሸጊያውን ከመቅደድ በፊት ውሉን ማንበብ ይበጃል።

አዲስ ራም ለመግዛት ላሰበም አንድ ነገር። ከ2025 እ.ኤ.አ. የመጨረሻ ወራት ጀምሮ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ አሻቅቧል፤ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከሎች ምርቱን እየጠቀለሉት ነው። ከማይሠራ ኮምፒውተር ነቅሎ ማዘዋወር የድሃ ብልሃት ብቻ ሳይሆን አሁን የሚያዋጣው መንገድ ነው።

ከባለ 8ቱ የተነቀለችው የቀድሞዋ ባለ 2 ጊጋባይት ራም ወደ ሌላ ገብታለች። እንግዲህ ሒሳቡ አንድ ባለ 8፣ አምስት ባለ 4 ሆኗል። ሦስቱ ገና በ2 ላይ ናቸው። በሚወገዱት ዝርዝር ውስጥ አሁን የማይነሡት አምስቱ ብቻ ቀርተዋል። በቤቱ የማይሠራ ዴስክቶፕ ያለው መምህር ወይም ሠልጣኝ ራሙን አውጥቶ ይመልከት፤ “ፒሲ3” የሚልና መጨረሻው “ዩ” ከሆነ ቢሰጠን በመዝገብ እንቀበላለን። ቅዳሜ ጠዋት በ3 ሰዓት አንዱን ሣጥን እንከፍታለን፤ የናይሎን ሹራብ አትልበሱ፣ ነጭ ላጲስ ያለው ይዞ ይምጣ።